የጋሼ ጌታው ድልድይ

ያላየውን ታሪክ በዓይኑ እንዳየ የሚተርክ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ የደረሱን ክቡር ሊቅ፣ እዚህ እስራኤል ከአሽዶድ ወደብ ጡረታ የወጡት ጋሼ ጌታው ናቸው። መንበራቸው የመናፈሻው ኩሬ ነው።

ኩሬው መካከል ሁለት ደሴቶች አሉ። ደሴት ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ አንደኛው ላይ አንድ ዘንባባ፣ ሁለተኛው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በመካከላቸው አጭር የእንጨት ድልድይ። ጋሼ ጌታው «ባጭሩ ልንገርህ» ካሉ ግን የምሳ ሰዓትህን እርሳው።

ጎረቤቴን ኮቢን፣ ቱርኮች መድፍ ጎትተውበታል ብለው ሩጫውን አስቆሙት። ፎቶ ልትነሳ ለመጣችው ሙሽራ ለሪታል፣ አንዲት ልዕልት ከወዳጇ ጋር የጠፋችበት ነው አሏት፤ ልጅቷ አልቅሳ ኩሏ ፈሰሰ።

«ጋሼ፣ ቱርክ ሠራው ብለውኝ አልነበር?» አልኳቸው።

«ቱርክ ጀመረው እንጂ ጨረሰው አልኩህ?»

ዘንድሮ እንጨቱ በሰበሰና ድልድዩ ተዘጋ። ጋሊያ የምትባል ወጣት የኢሪያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ መሐንዲስ፣ የእኛው አገር ሰዎች ልጅ፣ ነዋሪውን ሰብስባ፣ «ብናፈርሰው ይሻላል። ታሪክም የለው» አለች።

ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን። ጋሼ ጌታው ተነሡ። መድፉ መጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሉ። «ቱርክም ልዕልትም አልረገጠውም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ወደቡም መንገዱም ተሠርቶ ጠበቀን። የሁሉንም ታሪክ ሌላ ሰው ነው የሚነግረኝ። ይህ ግን ዓይኔ እያየ ተሠራ። ቀለሙ ሳይደርቅ ከባለቤቴ ከብርሃነሽ ጋር ተሻገርነው፤ ነፍሷን ይማርና፣ ቀሚሷ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። በዚህ አገር ‹እኔን ጠይቁኝ› የምለው ይህን ብቻ ነው።»

ጋሊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀሚሱስ አባባ?» አለቻቸው።

«አለ። ቀለሙ አልለቀቀም።»

ድልድዩ ተጠገነ። በተከፈተ ማግስት ጋሼ ጌታው አዲሱን ሳንቃ እየዳበሱ፣ እንጨቱ የተቆረጠው በንጉሥ ሰሎሞን ዘመን መሆኑን ለአንድ መንገደኛ ሲያስረዱ ሰማኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ብቻዬን ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ሳንቃ ነው፤ ከሥሩ ውኃ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ብርቱካን ገዛሁና ሄጄ ደጃቸውን አንኳኳሁ።