አራት መቶ ዓመት ዘግይተን የደረስንበት ለቅሶ

ሐበሻ የትም አገር ይኑር፣ «ሞተ» ሲሉት «መቼ?» ብሎ አይጠይቅም! እናንተስ ትጠይቃላችሁ? አትጠይቁም። ጥቁር ልብስ ፈልጎ መውጣት ብቻ ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው...

ልጄ ሊያ በትምህርት ቤቷ ኳየር ትዘምራለች። በቀደም ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ የምትዘምርበት ቦታ ተሰጣት። የዜማው ደራሲ በቤተ ክርስቲያን ሲዘምር እንዳደገ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ወረርሽኝ እንደጨረሰበት እራት ላይ አወራችልን።

«ከዛ እሱም ሞተ። ሰንዴይ መታሰቢያው ነው። ቲቸሬ በጣም ነው የምትወደው።»

አማቴ እማማ ተዋበች መብላቱን ተዉት። «ወይኔ! ይሄ ኮቪድ የስንቱን ቤት ዘጋ!» አሉ። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩ።

የሊያ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። «አባዬ፣ ፕሊስ፣ እማማ እልል እንዳትል! ሶሎዬ ላይ እልል ካለች አለቀልኝ!»

ቃል ገባሁላት።

እሁድ ከሰዓት ከአውሮራ ወደ ዴንቨር ስንነዳ፣ እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ድስት ንፍሮ ታቅፈዋል። ሊያ ቀድማን ሄዳለች።

«እልል እንዳይሉ፣ አደራ!»

«ለቅሶ ላይ ማን እልል ይላል? አብደሃል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው።

ስንደርስ መምህሯ በጥቁር ልብስ የአዳራሹ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ልጆቹ በሙሉ ጥቁር በጥቁር። የሟቹ ምስል ተሰቅሏል፤ ጺማም ሰውዬ፣ በቀለም የተሳለ። ታዲያ በምን ልጠርጥር? እማማ ድስቱን አስያዙኝና መምህሯን አቅፈው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ!»

ተረጎምኩላትና፣ «ቤተሰቡን የት እናግኛቸው?» አልኳት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። «ሰውየው ከሞተ እኮ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆነው...»

ሊያ ፊቷን በኖታዋ ሸፈነች። እኔ ሞኙ፣ የተጠነቀቅኩት ለእልልታው ብቻ!

ለእማማ በጆሯቸው ነገርኳቸው። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ምስሉን ትክ ብለው አዩት።

«ሊያ ሚስቱም ልጆቹም ቀድመውት ሞተዋል አላለችም? ታዲያ ለሱ ማን አለቀሰለት?» ብለው ሄደው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ተራዋ ሲደርስ የሊያ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። በእኛ ጦስ ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚህ መሃል ዓይኗ አያቷ ላይ አረፈ። እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ እንባቸው ይወርዳል። ሊያ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ... አዳራሹን ሞላችው! በላቲን ስለሆነ አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግን እኔም አለቀስኩ።

ሲያልቅ ልጆቹ ንፍሮውን ተረባረቡበት። መምህሯም ሁለቴ ዘገነች። «ስንት ዓመት ዜማውን ሳስተምር ለሱ ያለቀሰ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ሊያ ከኋላ ባዶውን ድስት ታቅፋ ተቀመጠች። ቁጣዋን እየጠበቅኩ ነዳሁ።

«እማማ» አለች በመጨረሻ።

«ወዬ?»

«ለኔክስት ይር ንፍሮውን ደብል አድርጊው።»