አሮጌው ተሽሮ አዲሱ ሳይጸድቅ

ሰው አዲስ ነገር ይመጣልሃል ሲባል አሮጌውን ለመጣል የሚቸኩለው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው እንኳ፣ ብልህ ከሆነ፣ እስኪለምደው ድረስ አሮጌውን አልጋ ሥር ያቆየዋል። ቤት የሚያድስም ቆርቆሮው ሳይደርስ የሣር ክዳኑን አያወርድም፤ በተለይ እንደ መቱ ዝናቡ አንዴ ከገባ መውጫውን በሚረሳ አገር። ወደ ደንብና መመሪያ ስንመጣ ግን መጀመሪያ ክዳኑን እናወርዳለን፣ ከዚያ ቁጭ ብለን ቆርቆሮውን እንጠብቃለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከእድራችን ልጀምር። በደርግ ዘመን መቱ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ፣ የሰፈራችን እድር ከአባቶች የወረሰው ደንብ ነበረው። ደንቡ የሚኖረው በባለሱቁ በጋሽ በቀለ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ደንብ አስከባሪያችን እሳቸው ነበሩ። ልቅሶ ቤት በር ላይ ይቆሙና ሁሉን ነገር በደንቡ ይመዝናሉ። ድንኳኑ ወደ መንገድ ከገፋ፣ "አይሆንም!" ለሐዘንተኛ ሳይቀርብ እድርተኛ ከቆረሰ፣ "አይሆንም!" እንባ እንኳ እየለኩ "ይኼ ለጎረቤት በዛ" ይላሉ እያልን እናማቸው ነበር። ሐሜት ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙ አልራቀም።

በዚያ ደንብ የመርዶ ነገር ግልጽ ነበር። ዘመዱ ርቆ የሞተበት ሰው ቤት ሽማግሎች ጎሕ ሲቀድ ይሄዳሉ። ከኋላቸው እድርተኛው በሙሉ ይቆማል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ እንዳይጠፋ። ከዚያ ጡሩምባው ይነፋል፣ ሦስት ቀን ይለቀሳል። ወሬው ቀድሞ ጆሮው የገባ ሰው እንኳ ሽማግሎቹ እስኪመጡለት ይጠብቃል። ብቻውን ያለቀሰ፣ ሰው የሌለው ነው።

አንድ ቀን ቀበሌው እድሮች ከአብዮቱ ጋር እንዲራመዱ ደንባቸውን ያሻሽሉ አለ። በአዲሱ ረቂቅ ጡሩምባ ቀረ። ሦስት ቀን ልቅሶ ሥራ ያስፈታል ተብሎ አንድ ቀን ሆነ። የወታደር ሞት ደግሞ ከበላይ ማረጋገጫ ሲመጣ፣ በቀበሌው በኩል ብቻ እንዲነገር ተባለ። እሑድ ተሰብስበን አሮጌውን ሻርን። አዲሱ እስኪጸድቅ ጎን ለጎን ይቆዩ ያለ አልጠፋም፤ ጋሽ በቀለ ግን "በአንድ ቤት ሁለት ደንብ አይገዛም" አሉና ነገሩ ተቆረጠ። ስብሰባው ሊበተን ሲል አንዱ እጁን አወጣና፣ "በመሀሉ ሰው ቢሞትስ?" አለ።

ቤቱ ተናወጠ። "ኧረ በስማም በሉ! ምን ያለው ሟርተኛ ነው!" እንግዲህ ፍረዱ፤ ሥራው ሞት ብቻ የሆነ ማኅበር ሞት ተነሣብኝ ብሎ ሲያማትብ። እድር ስለ ሞት ካልተነጋገረ ስለ ምን ይነጋገር? እኛ ግን እንዲህ ነን። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ፣ ረቂቁ ማኅተም ሊመታበት ወደ ቀበሌ ሄደ፣ ማኅተሙን የሚይዘው ሊቀመንበር ደግሞ ለሴሚናር ጎሬ ሄደ። ሴሚናሩ ተራዘመ። ከጎሬም ወደ ሌላ ሴሚናር አለፈ ተባለ።

ሞት መቼ ቀጠሮ ያከብራል? እትዬ ዘነበች የሚባሉ፣ ሆስፒታል አንሶላ በማጠብ የሚተዳደሩ ጎረቤት ነበሩን። ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው ልጃቸው ታደለ ብቻ ነው፤ እሱም በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ዘምቷል። አንድ የያዮ ልጅ፣ እግሩ ተቆርጦ ከሆስፒታላችን የወጣ ወታደር፣ ሲጋራ ሊገዛ ጋሽ በቀለ ሱቅ ገባና ታደለ አጠገቡ መውደቁን ነገራቸው። ጋሽ በቀለ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ገለታ ነገሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እስኪመሽ ከአንድ ቤት በቀር ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ጋሽ ገለታ ጥቂቶቻችንን ቤታቸው ጠርተው፣ በሩን ዘግተው "ማል ጎና?" አሉን። ምን እናድርግ ማለታቸው ነው፤ ሲጨንቃቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

"በአሮጌው እንዳንነግራት ሽረነዋል" አሉ ጋሽ በቀለ። "በአዲሱ እንዳንነግራት አልጸደቀም። ቢጸድቅም ማረጋገጫ ይላል።"

ከደንቡ በስተጀርባ ያለውን ማንም አላነሣውም። ያለ ወረቀት የወታደር ሞት ማውራት አሉባልታ መንዛት ነው፤ በአሉባልታ የተወሰደ ሰው ደግሞ መመለሱን እንጃ። ሁላችንም ልጆች አሉን። ፈራን።

ዝናቡ እየዘነበ ሳምንታት አለፉ። እትዬ ዘነበች ከሩቅ ሲመጡ መንገድ እንቀይራለን። ሰላም ብለዋቸው የማያውቁ ሴቶች ውኃ ይቀዱላቸው ጀመር፤ አንዱ ማር ላከላቸው። ሰው በድንገት ደግ ሲሆንባችሁ ጠርጥሩ።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ቀበሌው ፈቅዶልን፣ የአዲሱን ደንብ ነገር ልንነጋገር ጋሽ ገለታ ግቢ ዳስ ውስጥ ተሰበሰብን። እትዬ ዘነበች ገቡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ነበር። ሳይናገሩ ነገሩ ገባን።

"ተቀመጡ፣ ለእኔ አትነሡ" አሉ። "ያ የያዮ ልጅ ተኝቶ ሳለ አንሶላውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። የማን እናት እንደሆንኩ ሲያውቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ነገረኝ። ይመጣሉ ብዬ በሬን ሳልቀረቅር አድራለሁ። ጎሕ ሲቀድ ለብሼ እቀመጣለሁ። አልመጣችሁም። ጋሽ በቀለ፣ ደንብ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። በየትኛው ነው የማለቅሰው?"

ጋሽ በቀለ ባርኔጣቸውን አወለቁና እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ለጎረቤት የበዛ ለቅሶ ነበር። እኛም ተከተልን፤ ግቢው በአንድ ጊዜ ጩኸት ሆነ።

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ጠመንጃቸውን አንግተው እየሮጡ መጡ። ጋሽ ገለታ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "የእድር ስብሰባ ነው፤ ፈቃድ አለን። ስለ ልቅሶ ደንብ እየተወያየን ነው" አሏቸው። ከሁለቱ አንዱ ከታደለ ጋር ኳስ ይጫወት የነበረ ነው። የእትዬ ዘነበችን ነጠላ አየና አንገቱን ደፋ።

"ስብሰባው መቼ ያልቃል?"

"ውይይቱ ሰፊ ነው" አሉ ጋሽ ገለታ።

ሦስት ቀን ተወያየን። ከዳሪሙ ሳይቀር በእግሩ ጭቃውን አቋርጦ "ለስብሰባው" የመጣ ነበር።

ሊቀመንበሩ በስተኋላ ተመለሰ፤ አዲሱ ደንብ ማኅተም ተመታበት። በዓመቱ ደግሞ፣ ዝናቡ እንደገና ሲገባ፣ የታደለ ማረጋገጫ ከበላይ መጣ። በደንቡ መሠረት ሊቀመንበሩ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ማለዳ እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆምን። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። "አውቃለሁ፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ" ቢሉ፣ ማን ነገረሽ፣ ማን አስለቀሰሽ ይመጣል። ጋሽ ገለታና ጋሽ በቀለ ማታ ቤታቸው አያድሩም። አፋቸውን አፋቸውን እናያለን። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነበበ። እትዬ ዘነበች ፊታችንን አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኹ። ሲወድቁም ደገፍናቸው።

የተፈቀደው አንድ ቀን ነውና አመሻሹ ላይ ሰው መበተን ጀመረ። ስሰናበታቸው ጠጋ ብዬ፣ "እትዬ፣ ስለ እኛ ብለው እንደዚያ መጮህዎ…" አልኳቸው።

"ስለ እናንተ የጮኽኩት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው" አሉኝ። "የቀረው የራሴ ነው።"