አኬሎ፣ ፎርሙና የእኛ የብሮውዘር ክርክር

ስልካችሁ ላይ ኢንተርኔት የምትከፍቱት በየትኛው ብሮውዘር ነው? ግዴለም፣ አትንገሩኝ። ከነገራችሁኝ ልከራከራችሁ ነው። ሰው በኳስ ቡድን ይጣላል፤ እኔ በብሮውዘር ነው የምጣላው። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት አይሲቲ፣ ማለትም ኮምፒውተር፣ አስተምራለሁ። ከወሎ መጥቼ እዚህ ጎልማሳ ሆንኩ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። እስከ ዛሬ ያልለመድኩት «ምዝገባው በኦንላይን ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ነው።

አኬሎ የምትባል ነርስ አለች። ድሮ ተማሪዬ ነበረች። አሁን ከአቦቦ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እዚያ ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣ አኬሎ የምታውቀውን ሁሉ ታደርጋለች። ከእውቀቷ በላይ ሲሆን መኪና ትፈልጋለች። መኪና አንዳንዴ ይገኛል። አንዳንዴ አይገኝም። ያልተገኘ ቀን የሆነውን አንድ ጊዜ ልትነግረኝ ጀምራ መጨረስ አቅቷታል። ስለዚህ ለነርሶች የአዋላጅነት ሥልጠና ወጣ ሲባል እንዴት እንደጓጓች አስቡት። ምዝገባው፣ ያው እንዳልኳችሁ፣ በኦንላይን ብቻ። የመጨረሻው ቀን አርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።

በስልኳ ሞላችው። የራሷን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን፣ የሥራ ልምዷን። መጨረሻ ላይ «ላክ» የሚለውን ስትጫን ጭጭ። እንደገና ሞላች። ጭጭ። ሦስተኛውን ሞክራ ሲያቅታት አርብ ጠዋት መኪና ተሳፍራ እኔ ዘንድ መጣች።

እኔ መጀመሪያ የተናደድኩት በማስታወቂያው ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል «ዘመናዊ ብሮውዘር ይጠቀሙ» ይላል። ዘመናዊ ማለት የቱ ነው? ኔትወርክ ለማግኘት ሰው ስልኩን ይዞ ጉብታ ፍለጋ በሚዞርበት አካባቢ በወረቀት መቀበል ምን ነበረበት? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው አይደለም? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ንቀውን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ስልኳን አየሁት። ኦፔራ ሚኒ።

«በዚህ ነው እንዴ የሞላሽው?» አልኳት።

«ካርድ አይበላም፣ ቲቸር» አለችኝ።

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው መሳቅ አልነበረብኝም። ቀጥዬም ማስተማር ጀመርኩ። ይሄ ገጹን መጀመሪያ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ወስዶ፣ ጨምቆ፣ አሳንሶ ነው የሚያመጣልሽ፤ ዜና ለማንበብ ይሆናል፣ ለፎርም ግን አይሆንም፤ አስቀምጪው አልኳት። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፋየርፎክስ። የእኔ ኩራት። ፎርሙ ገና ሲከፈት «ይህ ብሮውዘር አይደገፍም» አለኝ። ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ «እንግዲህ ሌላ ይሞክሩ» ብሎ ዘጋው። ይህን ለመናገር ነው ደሞዝ የሚከፈለው?

እየተቆጣሁ አኬሎን ይዤ ሐጂ ሰኢድ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ስልክና የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣሉ፤ ፎቶ ኮፒም ያነሳሉ። የክሮም ሰው ናቸው። ገና የመጣንበትን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«እኔ ስንት ጊዜ ነገርኩህ፣ መምህር» አሉኝ። «ዓለም በክሮም እየሄደ አንተ ብቻህን በእግርህ ትሄዳለህ።»

ኮምፒውተራቸው አሮጌ ነው። ክሮማቸውም እንደዚያው። ፎርሙ «ብሮውዘርዎን ያድሱ» አለ። ማደሻውን ማውረድ ጀመሩ። ኔትወርኩ እንደ ኤሊ ነው። ስንቱ እንደወረደ የሚያሳየው መስመር ትንሽ ይሄድና ይቆማል።

ታዲያ መስመሩ እስኪሞላ ዝም ብለን ብንጠብቅ ምን ነበረበት? አልጠበቅንም። እኔ ክሮም የኮምፒውተሩን ጉልበት፣ ራሙን ይበላል አልኩ። ሐጂ ፋየርፎክስ ራም የማይበላው ማንም ስለማይጠቀምበት ነው አሉ። ፋየርፎክስ የማስታወቂያ ነጋዴዎች እንዳይከታተሉኝ ያደርጋል አልኩ። ኒውላንድ ድረስ መጥቶ አንተን የሚከታተል ምን ፈልጎ ነው አሉ። ክሮም በአንድ አካውንት ስልክና ኮምፒውተር ያገናኛል አሉ። የእኔም ያገናኛል አልኩ። የእኔ ይተረጉማል አሉ። የእኔ ላይ የፈለግኩትን ተጨማሪ ነገር እጭናለሁ አልኩ። በአንዴ ስንት ገጽ፣ ስንት ታብ ይከፍታል የሚለው ላይ ስንደርስ ድምፃችን ከፍ አለ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሰው ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ሄደው ሲመለሱም ካቆምንበት ቀጠልን።

አንድ ጊዜ ዞር ስል አኬሎ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ተስፋ ቆርጣ ነው ብዬ አንጀቴን በላችኝ። የባሰ ተቆጣሁ፤ በፎርሙ፣ በኔትወርኩ፣ በሐጂም።

ሰዓቴን ሳይ አሥር ተኩል ሊሆን ነው። ማደሻው ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«አኬሎ፣ በቃ፣ አልሆነም» አልኳት። «ይቅርታ።»

«ተመዝግቤያለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ስልኩን ተቀበልኳት። «ምዝገባዎ ተጠናቋል» ይላል። ያው ኦፔራ ሚኒ ነው። እንዴት አድርገሽ ነው አልኳት።

«ጨምቆ ነው የሚያመጣው አሉኝ አይደል? ከላይ ደግሞ ይህን ያህል ቆጠብኩልሽ ይላል። ምኑን ነው የቆጠበብኝ ብዬ አሰብኩ። የምጫነውን «ላክ» ቢሆንስ? መቆጠቢያውን አጠፋሁት። ፎርሙ ሄደ።»

እኔ ያንን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። አጥፍቼ ልሞክር ማለት ግን ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ሐጂ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «መቼ ነው የጨረስሽው፣ ልጄ?»

«ገና ከምሳ በፊት» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

መሬት መሬት እያየች «ታላላቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ማቋረጥ ጥሩ አይደለም ብዬ» አለች።

የአቦቦ የመጨረሻ መኪና ሄዷል። ያን ቀን አክስቷ ቤት አደረች። በእኛ ምክንያት ማለት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ በሰው ስቆጣ፣ መቆጣት የሚገባት እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ አመስግናን ሄደች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስሟ ወጣ። አሁን ሥልጠና ላይ ናት። ሐጂ ወሬውን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በክሮም ቢሆን ኖሮ ግን ይፈጥንላት ነበር አሉ።

ዝም ልል ነበር። ወላዲቷን፣ ዝም ልል ነበር። ግን ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ስህተት ሰምቶ ያልፋል? በፋየርፎክስ ነው እንጂ አልኳቸው።