ሣህሉ የዘፈኑን ሳጥን ከሸቤ አስመልሰው ስለ አኮርዲዮኑና ስለ ሳክስፎኑ ያደረጉት ዘመቻ

በ፸፭፻፯ ዓመተ ዓለም፣ በ፳፻፯ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ቴፑ ካሴቱን በልቶ ባረፈ በሃያኛው ዓመት፣ ሣህሉም ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስ ቀበሌ የሆነውን ነገር ጻፍነው። ያየነውን እንዳየነው አሰፈርን፤ ያላየነውን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አልማዝ ጠይቀን ተረዳን፤ ወይዘሮ አልማዝ አልናገርም ያሉትን ደግሞ ከአጥር ወዲያ ቆመን ሰማን።

እኒህ ሣህሉ፣ ሊቀ ቀማሲያን ዘምድረ ጅማ፣ መፍቀሬ ዜማ፣ ጸላኤ ሐሰት፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በመንግሥት የቡና ቅምሻ ክፍል ተቀምጠው፣ ፉት እያሉና እየተፉ የአጋሮን ቡና ከሸቤው፣ የሸቤንም የዘንድሮውን ከአምናው ለይተው የተናገሩ፣ አንዲት ወረቀት እንኳ ሳያነቡ ያልፈረሙ፣ የፈረሙትንም በሦስት ቅጂ ያስቀመጡ፣ ቁመታቸው መካከለኛ፣ ሆዳቸው ፊተኛ የሆነ ሰው ነበሩ። ባላንጣቸውም ጎረቤታቸው ሙሐመድሳኒ ነበሩ፤ ልብስ ሰፊው፣ የመርፌ ጌታ፣ የመቀስ አዛዥ፣ የቦሳ አዲስን ሙሽራ ሁሉ ያለበሱ፣ «ወላሂ» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር ዘግተው የማያውቁ፣ በ«ወላሂ» ከዘጉም በኋላ ቢቆርጧቸው የማይመለሱ። በሁለቱ ሰዎች በር መካከል ከአቦካዶው ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። በየቀኑ ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ በዚያ ይቀመጡና እስኪመሽ ይከራከሩ ነበር።

የክርክሩም ሥር ይህ ነው። በጎልማሳነታቸው ወራት አብረው አጋሮ ሄደው ሳለ በአንድ ሻይ ቤት አንድ ዘፈን ሰሙ፤ ሁለቱም ወደዱት፤ ሣህሉም ካሴቱን ገዙ። የዘፈኑን ስም እዚህ አንጽፍም፤ የጻፍነው እንደሆነ ሦስተኛ ወገን ይነሣብናልና። በ፲፱፻፹፯ ዓመተ ምሕረት ቴፑ ካሴቱን በላ፣ ራሱም ከዚያ ወዲያ ድምፅ አላሰማም። ወዳጆቹ ለልቅሶ በአግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ሣህሉ በኀዘን ተሞልተው፣ ያ መግቢያው ላይ ያለው አኮርዲዮን ቀረብን አሉ። ሙሐመድሳኒም የምን አኮርዲዮን፣ ወላሂ ሳክስፎን ነው ብለው መለሱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጅ ተዳረ፣ ቤት ታደሰ፣ የሣህሉ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ስሙ ተለወጠ፤ ካሴቱ በየሱቁ ተፈልጎ ጠፋ፤ የመግቢያው ነገር ግን ሳይፈታ ኖረ።

በዚህ ዓመት በገና በዓል የሣህሉ ልጅ ናርዲ ከአዲስ አበባ መጣችና፣ የተዘፈነውን ሁሉ በኢንተርኔት እየጠራ የሚያጫውት ስፒከር የሚባል ሳጥን እንዳለ፣ እርሱንም እንደምትልክላቸው ነገረቻቸው። ያን ጊዜውኑ በስልኬ ላሰማችሁ ብትል ሣህሉ ከለከሏት፤ በስልክ አኮርዲዮኑም ሳክስፎኑም ትንኝ ይመስላል፣ ትንኝ ደግሞ ምስክር አይሆንም ብለው። ከዚያም በአግዳሚው ፊት ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማው ንገር። ሳጥኑ ሲመጣ ሁላችን ተሰብስበን እንሰማለን። የተረታው ስለ ዘፈን ሁለተኛ አፉን አይክፈት፤ አግዳሚውንም ለረቺው ለቆ ግቢው ይቀመጥ። ምላሴ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልተሳሳተም፤ ጆሮዬ ከምላሴ አራት ጣት አይርቅም።»

ሙሐመድሳኒም ቆባቸውን አስተካክለው አወጁ፦ «ቶሌ፣ ሣህሉ። ወላሂ ተስማምቻለሁ። አግዳሚው ላይ ለብቻዬ ተጋድሜ ታየኛለህ።»

ሁለቱ ሚስቶች፣ ወይዘሮ አልማዝና ወይዘሮ ዙቤይዳ፣ ይህን ሰምተው ተያዩ። ከዐሥር ሰዓት እስከ ማታ ባል ግቢ ውስጥ የሚውልበትን ዘመን አስበው ፈርተዋል።

ጥር ፲፫ ቀን በዕለተ ረቡዕ ናርዲ ስፒከሩን ከአሮጌ ስልኳ ጋር አሽጋ ወደ ቦንጋ በሚያልፈው አውቶቡስ ሰደደች። ሣህሉም የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ሙሐመድሳኒም የጠላትን መሣሪያ አስቀድሞ ማየት ይገባል ብለው ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ከረፋዱ ጀምሮ መናኸሪያ ቆሙ። አውቶቡሱ ደረሰ፤ ረዳቱም በበሩ ብቅ ብሎ «አባዬ! የአባዬ ዕቃ!» እያለ ተጣራ። በመናኸሪያው የነበሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ዞር አሉ፤ ሣህሉ ግን የሰው ልጅ አባቱን ሲጠራ እኔ ምን አገባኝ ብለው በትዕግሥት ስማቸውን ይጠብቁ ነበር። አውቶቡሱም ሄደ። ናርዲ በካርቶኑ ላይ «ለአባዬ» ብላ ብቻ መጻፏ የታወቀው ማታ ስትደውል ነው። ረዳቱም ባለቤት ያጣውን ዕቃ ሸቤ ላይ ለአንድ ባለሱቅ አደራ ሰጥቶት ነበር።

በማግስቱ ሣህሉ ወደ ሸቤ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ጃንጥላ ያዡ ሙሐመድሳኒ፤ ሳጥኑ እንግሊዝኛ ቢናገር ይመልስ ዘንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ወንድወሰን፤ ከወይዘሮ ዙቤይዳ የተላከ ስምንት ዳቦና አንድ ፔርሙስ ሻይ፤ ከወይዘሮ አልማዝ የተላከ ጋቢ፣ ከጋቢውም ጋር ስኳር እንዳትነካ የሚል ጥብቅ ትእዛዝ። ሚኒባሱም በመንገድ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ አንድ ጊዜ ለጎማ፣ አንድ ጊዜ ሹፌሩ ለአጎቱ ሰላምታ ሊሰጥ።

ባለሱቁ ኑሪ በካርቶኑ ላይ ተቀምጦ አገኙት። እርሱም አደራ ጠባቂ ሰው ነበርና አልነሣም አለ። ሣህሉ መታወቂያቸውን አወጡ፤ ኑሪም አይቶ፣ እዚህ ላይ ሣህሉ ይላል፣ ካርቶኑ ላይ አባዬ ይላል፣ ሁለቱ አንድ ሰው ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለ ብሎ ጠየቀ። ሊቀ ቀማሲያን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርሳቸው የባሰ ወረቀት አንባቢ ገጠማቸው፤ በውስጣቸውም አደነቁት። እስኪታሰብበት ድረስ ኑሪ ሻይ አቀረበላቸው፤ ስኳሩ እስከ ወገቡ የደረሰ ሻይ ነበር። ከዚያ ወደ ናርዲ ተደወለና በድምፅ ማጉያው ላይ ሆና ለሸቤ ገበያ ሁሉ እንዲህ አወጀች፦ «አባዬ፣ ሻዩን በስኳር እየጠጣህ ነው አይደል? ድምፅህ ያስታውቃል። አስቀምጠው።»

ኑሪ ከካርቶኑ ላይ ተነሣ፤ እንዲህ የምትቆጣ የገዛ ልጅ ብቻ ናት ብሎ ያለ ፊርማ አስረከባቸው። ሣህሉ ግን ፈረሙለት።

ሳጥኑ በቦሳ አዲስ ከገባ በኋላ ያለው ጦርነት ከዘመቻው የከፋ ነበር። በናርዲ አሮጌ ስልክ ላይ መጀመሪያ የመጣው የስምምነት ውል ነውና። የቀረው ዓለም ሁሉ ይህን ውል ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» የምትለውን ቦታ ነክቶ ያልፋል፤ ሣህሉ ግን ወንድወሰንን አስቀምጠው ከአንደኛው አንቀጽ ጀምሮ አስተረጎሙት። ሁለት ቀን ፈጀ። በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ተቃውሞ ነበራቸውና በደብተር ጻፉት፤ በየገጹ ግርጌ ፓራፍ የምትባለውን አጭር ፊርማ ማድረግ እንደማይቻል ሲነገራቸው ዐዘኑ፤ በመጨረሻም በዚያው ደብተር ላይ «አንብቤ ከነቅሬታዬ ተስማምቻለሁ» ብለው ፈርመው ቀን ጽፈው ስልኩን ነኩ።

ሳጥኑ ግን አልዘፈነም። ብርቱካናማ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሦስት ቀን ዝም አለ። ሣህሉ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ በረንዳ አዞሩት፤ ወንበር ላይ ቆመው ወደ ላይ ያዙት፤ በአግዳሚው ላይም አስቀመጡት፤ ሙሐመድሳኒም ባላንጣነታቸውን ረስተው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሰሜን አዞሩላቸው። በመጨረሻ ወንድወሰን፣ ናርዲ በገና ያስተከለችው፣ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው የዋይፋዩ ሳጥን የት ነው ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አልማዝ፣ እመቤተ ዳንቴል፣ ባለ ቁልፈ ብዙ፣ ከጓዳ ብቅ ብለው አወጁ፦

«በክብር ቦታው ነው። የሚያበራ ዕቃ ሜዳ ላይ አይጣልም። በዳንቴል ጠቅልዬ ብረት ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ገመዱን በቀዳዳው አውጥቼለታለሁ፣ ምን ጎደለበት?»

ብረት ሣጥኑ ተከፈተ፤ የዋይፋዩም ሳጥን ከሁለት ነጠላና ከአሮጌው ቴፕ ሬሳ መካከል ወጣ። ብዙ ድርድር ከተደረገ በኋላ ቡፌው ላይ እንዲቀመጥ፣ ዳንቴሉም ከላዩ ሳይሆን ከሥሩ እንዲነጠፍ ታረቁ። የስፒከሩም መብራት ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ለመጪው እሑድ፣ ጥር ፳፬ ቀን፣ በዐሥር ሰዓት ጉባኤ ተጠራ።

በዚያ እሑድ ጧት ወይዘሮ አልማዝ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ሣህሉ ብቻቸውን ቀሩ፤ ለጉባኤው ልለማመድ ብለውም ዘፈኑን ጠሩት። መጣ። መግቢያው ሳክስፎን ነበር።

ሣህሉ አላመኑም። እንደ ቡና ቅምሻ ሥርዓት ሦስት ጊዜ ቀመሱት፤ መጀመሪያ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ሁለተኛ ጨፍነው፣ ሦስተኛ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው። ሦስቱም ሳክስፎን ነው፤ የአኮርዲዮን ሽታ እንኳ የለበትም። ያን ጊዜ ጸላኤ ሐሰት ፈሩ። ውርደቱን ትንሽ ፈርተዋል፣ አንዋሽም፤ ከውርደቱ ይልቅ ግን ዐሥር ሰዓትን ፈሩ። ነገ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ወዴት እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያስ፣ እያሉ ሳሎናቸውን ዞሩት። ከዚያም ማንም ሳያያቸው የዋይፋዩን ሳጥን ነቅለው፣ በዳንቴሉ ጠቅልለው፣ ያን ቀን ሳይቆለፍ ወደ ቀረው ብረት ሣጥን ተሸክመውት ሄዱ። ክዳኑን ሲከፍቱ አሮጌው ቴፕ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ሃያ ዓመት፣ ይህ ቴፕ ካሴቱን ባይበላ ኖሮ እረታ ነበር እያሉ በእርሱ አመካኝተው ኖረዋልና አፈሩ። ክዳኑን መልሰው ዘጉት፤ የዋይፋዩንም ሳጥን ቡፌው ላይ መልሰው ሰኩት። በዘመናቸው ካደረጉት ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር፤ ያየላቸውም ሰው የለም።

በዐሥር ሰዓት ጉባኤው ሞላ። ሙሐመድሳኒ አዲስ ቆብ ደፍተው መጡ፤ ወይዘሮ ዙቤይዳ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ወንድወሰን የስልኩ ጠባቂ ሆነ። ሣህሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፊታቸው ከሸሚዙ ነጥቶ፣ ይጀመር ብለው አዘዙ። ሳክስፎኑም ሳሎኑን ሞላው፤ ብርጭቆዎቹ በቡፌው ውስጥ ጮሁ፤ ወንድወሰን ወደ መሬት አየ። ሁሉም ሰምቶታል። ሙሐመድሳኒ ወዳጃቸውን አዩ፤ በመስኮቱም አሻግረው አግዳሚውን አዩ፤ ከዚያም ተነሥተው ቆሙና አወጁ፦

«ሰዎች፣ ስሙ። አኮርዲዮን ነው። ሣህሉ ሃያ ዓመት እውነቱን ነው የተናገረው፤ የሳትኩት እኔ ነኝ። አግዳሚውን ለቅቄያለሁ።»

ቤቱ ሁሉ «ወላሂ» የምትለውን መዝጊያ ጠበቀ። አልመጣችም። ወይዘሮ ዙቤይዳም እጃቸውን ባፋቸው ላይ ጫኑ፤ በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁምና። ሣህሉ ምን እንደተደረገላቸው ያን ጊዜ ገባቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው አወጁ፦

«አልቀበልም። ሳክስፎን ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር ሰምቶታል። የተረታሁት እኔ ነኝ፤ አግዳሚውንም የምለቀው እኔ ነኝ።»

ሙሐመድሳኒም በቁጣ መለሱ፦ «አንተ ቡና ቀማሽ፣ ስለ ሙዚቃ ምን ታውቃለህ? አኮርዲዮን ነው ብያለሁ፤ እኔ ነኝ የምለቀው።»

አንዱ ለሌላው ድል ሊሰጥ፣ ሌላው አልወስድም ሊል፣ እየተጯጯሁ ተያይዘው ወጡና የሚለቅቀውን ሰው ለመወሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽ አልተወሰነም። በሳሎኑም የቀሩት ሁለቱ ሚስቶች ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ለሃያ ዓመት ከመግቢያው አልፎ የነገራቸው ሰው አልነበረምና መጨረሻውን በጣም ወደዱት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሣህሉ የሳክስፎን ወገን፣ ሙሐመድሳኒ የአኮርዲዮን ወገን ናቸው። ሳጥኑን ዳኛ አድርጎ የሚጠራው የለም፤ ወይዘሮ አልማዝ ዳንቴል አልብሰው የአበባ ማስቀመጫ ጭነውበታል። ሙሐመድሳኒ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡና ሲናገሩ እንደ ጥንታቸው «ወላሂ» ይላሉ፤ ስለ አኮርዲዮኑ ሲናገሩ ግን አንድ ጊዜም ብለው አያውቁም፤ ሣህሉም በሉ ብለው ጠይቀዋቸው አያውቁም።

እንግዲህ ሸቤን ያለ ጦር የከፈቱ፣ አርባ አንድ ገጽ ውል ያለ መነጽር ቅያሪ የተሻገሩ፣ በብረት ሣጥን ፊት ራሳቸውን ድል የነሡ ሣህሉ ይክበሩ፤ ስማቸው ከአጋሮ እስከ ሸቤ ይነገር። ከእርሳቸውም አስቀድሞ፣ አሸንፈው ሳለ የተሸነፉት፣ በእጃቸው የገባውን አግዳሚ ወንበር ለሁለት ሰው ያተረፉት ልብስ ሰፊው ሙሐመድሳኒ ይክበሩ። አግዳሚውም ይጽና፤ ስፋቱ ለሁለት ሰው ልክ ነው።