የበለስ ዱቄቱና የእድራችን ድንኳን

እሑድ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በመቐለ ሓድነት፣ በሰብሳቢያችን ግቢ፣ ለ8:00 የተጠራው የእድራችን ኮሚቴ ስብሰባ 9:10 ላይ ተጀመረ። ከሰባቱ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
አቶ አስመላሽ (ሰብሳቢ)
ወ/ሮ ዘቢብ (አባል፣ የሰብሳቢው ባለቤት)
ወ/ሮ ለተንሳኤ (ገንዘብ ያዥ፣ የዱቄቱ አዘጋጅ)
አቶ ኑርሁሴን (ንብረት ያዥ)
ወንድሜነህ (ጸሐፊ፤ በቀረበት ቀን የተመረጠ)

አጀንዳ 1፦ የበለስ ቅጠል ዱቄት ለጤና ያለው ጥቅም

ወ/ሮ ለተንሳኤ ዱቄታቸው ከተፈጥሮ ብቻ የተዘጋጀና አንቲኦክሲዳንት የሞላበት መሆኑን አስረዱ። አንቲኦክሲዳንት ምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ሰውነት እንዳይዝግ የሚጠብቅ ነው አሉ። አቶ ኑርሁሴን የድንኳኑ ብረት ከዛገ ሁለት ክረምት እንዳለፈው አስታውሰው፣ በአንዱ ቋሚ ላይ ይሞከር አሉ። ወ/ሮ ለተንሳኤ ተቀየሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ አንድ ቋሚ እንዲቀባ ተወሰነ፤ ተቀባም። የጎረቤት ፍየል ላሰችው። ፍየሏ ምንም እንዳልሆነች በወ/ሮ ለተንሳኤ ጥያቄ እዚህ ሰፍሯል።

አጀንዳ 2፦ የድንኳኑ ዕጣ

ሰብሳቢው ዱቄቱን ከጀመሩ ሦስት ሳምንት እንደሆናቸውና ደረጃ በሩጫ እንደሚወጡ ገልጸው፣ ሁሉም አባል ከጠጣ ለቅሶ ስለማይኖር ድንኳኑ ይሸጥ አሉ። ጸሐፊው የሰብሳቢው ቤት ደረጃ እንደሌለው አስታወሰ፤ ይህ እንዳይመዘገብ ታዘዘ። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ እንዲሸጥ ተወሰነ።

የተቃወሙት ወ/ሮ ዘቢብ ናቸው። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ ባለቤታቸው ዱቄቱን ከጀመሩ ወዲህ የደም ግፊት ክኒናቸውን መሳቢያ ውስጥ ጥለውታል አሉ። ሰብሳቢው ጉዳዩ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን አሳሰቡ። ወ/ሮ ዘቢብም፣ «እሺ አስመላሽ፣ ከአጀንዳ ውጭ ብትወድቅ በየትኛው ድንኳን ላለቅስ ነው? እኔ ፈርቻለሁ» አሉ።

ወ/ሮ ዘቢብ የግፊት መለኪያ ከቤት አምጥተው ለኩ፤ 180 በ110 ሆነ። ሰብሳቢው መለኪያው ዝጎ ይሆናል አሉ። በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ለተንሳኤ የራሳቸውን የስኳር ክኒን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ «ኣያ አስመላሽ፣ እኔ እኮ ዱቄቱን ሾርባ ላይ ነው የምነሰንሰው። ክኒኑን ይተዉ አልኩ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ክኒን ሲውጡ ሽማግሌ የሆኑ እንደሚመስላቸው ተናገሩ። አቶ ኑርሁሴን፣ «አብሽር፣ ሁላችንም ሸምግለናል» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ድንኳኑ ባለበት ይቆያል፣ ቋሚው ይታጠባል፣ ዱቄቱም ወደ ሾርባው ይመለሳል።

ሰብሳቢው ክኒናቸውን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ስለዋጡ ስብሰባው 11:20 ላይ ተበትኗል። መዋጣቸውን አራታችንም በፊርማችን እናረጋግጣለን፤ ወ/ሮ ዘቢብ ግን የባለቤታቸውን አፍ አስከፍተው ካዩ በኋላ ነው የፈረሙት።