ጣራ ላይ ደንጊያ የሚከምር ሰው

ነፋስ ሳይመጣ የሚሸበር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ አለሙ እንዲያ ነው። ልጁ ከዐረብ አገር በላከችው ብር ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ክረምት ሲቃረብ ጣራው ላይ ደንጊያ ይከምራል። እኔ ግን ቆርቆሮዬን በመታሁበት ምስማር የምተማመን ሰው ነኝ። ዘንድሮ ደንጊያ ቢያጥረው፣ ባለቤቶቹ በሙሉ ካለቁበት ከአንድ የፈረሰ ቤት አመጣ።

«ተው፣ ይኸ ባለቤት አለው» አልሁት።

«አባባ ደግሞ! የሞተ ሰው ደንጊያ ምን ያደርግለታል?»

ዐውሎው በጠራራ ፀሐይ መጣ፤ የኔን ቆርቆሮ ጠቅልሎ ወሰደው። የአለሙ ጣራ አልተነቃነቀም። ደንጊያው ግን አንድም የለም፤ መሬት ላይም አልወደቀም። ታዲያ ጣራውን ምን ያዘው?

«ጣራ የለዎትም፣ ከእኛ ይደሩ» አለኝ አለሙ፣ ደስ ብሎት።

ቀና ብዬ አየሁ። ምንም የሌለበት ቆርቆሮ፣ የተቀመጠበት ሰው ጎኑን ሲያዞር እንደሚሆነው፣ ሲጥጥ ብሎ ጎበጠ።

«አይ፣ ቤትህ ሰው በዝቶበታል» አልሁት።