አራተኛው ክስ

የቼዝ ውድድር ባለበት ሁሉ አንድ ደንብ አስከባሪ አይጠፋም። ጨዋታውን በወጉ አይችለውም፤ ደንቡን ግን ከነንዑስ አንቀጹ ሸምድዶታል። ሲሸነፍ እንኳ በአንቀጽ ነው።

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሹም የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። የዚህ ዙር ተጋጣሚያቸው፣ አንድ መምህር፣ ስማቸው ከስሙ ትይዩ ተለጥፎ ሲያይ ዝርዝሩን ደግሞ አነበበው። የእሱ ደረጃ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነጥብ፣ የእሳቸው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ቢሆንም፣ ይህን ዙር ካላሸነፈ ከክለቡ ዋና ቡድን ይሰረዛል። በዚያ ላይ ቁጭ ማለት አይሆንለትም፤ አንድ ጠጠር ባንቀሳቀሰ ቁጥር እሾህ እንደወጋው ተነሥቶ አዳራሹን ይዞራል።

"ዳኛ!" አሉ ክቡርነታቸው ገና በሦስተኛው እርምጃ። "እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።"

በዘጠነኛው፦ "ዳኛ! ‘ላስተካክል ነው’ ሳይል ፈረሱን አቃና።"

በአሥራ አራተኛው፦ "ዳኛ! ጥላው ሰሌዳው ላይ አርፏል።"

"ጋሼ፣ ጥላን በየትኛው አንቀጽ ልክሰሰው?" አለ ዳኛው።

"ፈልገህ አግኝ። ደንብ ደንብ ነው።"

መምህሩ በንዴት ንግሥቱን ገፋ አድርጎ ወደ መስኮቱ ሄደ። የሠራውን ያወቀው እዚያ ሲደርስ ነው፤ ንግሥቲቱን ከሽማግሌው ፈረስ አፍ ውስጥ ከቷታል። ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

"ዳኛ!"

ዳኛው እግሩን እየጎተተ መጣ። "አሁን ደግሞ ምን አደረገዎት?"

"እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ላንቀሳቅሰው ብዬ ንጉሤን ያዝኩ። ከዚያ ንግሥቱን በነጻ እንደምበላ አየሁና ለቀቅኩት። የተነካ ጠጠር ይንቀሳቀሳል።"

"ማን አየዎት?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እኔ እዚሁ ነበርኩ።"

ንጉሣቸውን አንድ ቤት ፈቀቅ አደረጉ። መምህሩ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ እኩል እንውጣ" አለ፣ አፉ ከልቡ ቀድሞ።

"ማዘን በደንቡ የለም። ተጫወት። ተቀምጠህ።"

ተጫወተ፤ እስከ መጨረሻውም ከወንበሩ አልተነሣም። አሸነፈ። በድሉ ግን የሚኮራበት ነገር አላገኘም፤ በዚያ ሰሌዳ ላይ ምስጋና የሚገባው እርምጃ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የተሸናፊው።

በማግሥቱ ከአዳራሹ ጥግ ያው ድምፅ ተሰማ፦ "ዳኛ!"

ዳኛው ዓይኑን ጨፈነ።

"ኧረ ሂድ እንጂ" አለው መምህሩ። "ራሳቸውን ሊከሱ ይሆናል።"